ግላስ በቤት ውስጥ፦ የስልክ መከላከያ ያለ አቧራና ያለ አረፋ አለጣጠፍ

ስልክ ላይ ግላስ መለጠፍ ራሱ ከአስር ሰከንድ አይበልጥም። ጊዜ የሚፈጀው ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት ነው፤ ሰው የሚቸኩለውም እዚያው ላይ ነው። አንድ ጊዜ መገናኛ፣ ታክሲ መጠበቂያው አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ ልጅ ስልኬን ተቀብሎ በለበሰው ቲሸርት ጠረግ፣ በአፉ እፍ፣ ከዚያ ለጠፍ አደረገው። «ወንድሜ፣ ውስጡ አቧራ ገባ እኮ» ስለው «ችግር የለውም፣ እስከ ነገ ራሱ ይጠፋል» አለኝ። አየር ቢሆን እውነቱን ነው፣ ይጠፋል። አቧራ ግን የትም አይሄድም። እነዚያ አራት ነጥቦች ግላሱ እስኪሰበር ድረስ ከስክሪኑ መሃል አልተነቃነቁም።

በልጁ አልፈርድም፤ አስፋልት ዳር፣ ሚኒባስ በሚያስነሳው አቧራ መሃል ማንም ቢሆን ከዚያ የተሻለ አይሠራም። ከዚያ ወዲህ ግን ግላሱን ብቻ ገዝቼ ቤቴ እለጥፋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አበላሽቻለሁ። አሁን በበዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ ሦስት አራት ስልክ ፊቴ ይደረደራል።

የትኛውን እንግዛ?

ገበያው ላይ ያለው በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ደረቁ ላስቲክ ነው፤ የውሃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ከፔት ፕላስቲክ የሚሠራ፣ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ስስ ሽፋን። ከጭረት ያድናል፣ ስልኩ ሲወድቅ ግን እምብዛም አይረዳም። ብዙ ስልኮች ከፋብሪካ ለብሰውት የሚመጡት እንዲህ ዓይነቱን ስስ ላስቲክ ነው። (ጽሑፍና ሥዕል ያለበት፣ ከካርቶኑ ስናወጣው የምንልጠው ሽፋን ሌላ ነው፤ እሱ ለጉዞ ብቻ የተደረገ ነው። ወራት አልፈውም ሳይላጥ የማየው ስልክ አለ።)

ሁለተኛው ለስላሳው፣ ሲስቡት የሚለጠጠው ላስቲክ ነው። ሻጮች «ሃይድሮጄል» ይሉታል፤ አብዛኛው ግን ቲፒዩ የሚባል የፖሊዩሬቴን ፕላስቲክ ነው። የፖሊዩሬቴን ላስቲክ የሄሊኮፕተርን ክንፍ ከአሸዋ ለመከላከልም ይለጠፋል፤ ስለዚህ ለስላሳነቱ አያታልላችሁ። ጥቃቅን ጭረት ቢያገኘው ቀስ እያለ በራሱ ይሽራል። ጠርዙ ወደ ጎን ለታጠፈ ስክሪን የሚስማማውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ግላስ ነው። የተለመደው ውፍረቱ 0.33 ሚሊሜትር ነው። ደህናው ግላስ የሚጠነክረው በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ተነክሮ ነው፤ ከመስታወቱ ትንንሾቹ የሶዲየም ቅንጣቶች ይወጡና ተለቅ የሚሉት የፖታሲየም ቅንጣቶች ቦታቸውን ይይዛሉ። ጠባብ ቤት ውስጥ ወፋፍራም ሰዎች እንደገቡበት ላዩ ይጠባበቃል፣ በቀላሉም አይሰነጠቅም። ስልኩ ሲወድቅ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ከሆነ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

የእኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ስክሪኑ ዝርግ ከሆነ ግላስ፣ ጠርዙ የታጠፈ ከሆነ ለስላሳው ላስቲክ። ለታጠፈ ስክሪን ፈሳሽ ሙጫ አፍስሰው በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያደርቁት ግላስም አለ። ሲሳካ ያምራል፤ ነገር ግን ሙጫው ወደ ድምፅ ማውጫው ወይም ወደ ቁልፎቹ ከፈሰሰ መመለሻ የለውም። ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈው «9ኤች» ጥቂት ልበል። ይህ ቁጥር የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ 9ኤች የተባለ ጠንካራ እርሳስ ቢሞነጭረው አይጫርም ማለት ነው እንጂ ሰንፔር ሆኗል ማለት አይደለም። በማዕድናት መለኪያ፣ በሞህስ፣ የስልክ መስታወት በ6 አካባቢ መጫር ይጀምራል። የቤት ቁልፍና ሳንቲም ከዚያ በታች ናቸው። ተራ አሸዋና የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ነው። ስለዚህ ስክሪናችሁን የሚጨርሰው ብዙ ሰው የሚፈራው ቁልፍ ሳይሆን ኪስ ውስጥ የተጠራቀመው ብናኝ ነው። «9ዲ»፣ «21ዲ» እያለ የሚያድገው ቁጥር ደግሞ የጥንካሬ መለኪያ አይደለም፤ የሻጭ ጌጥ ነው።

ስትገዙ ሁለት ነገር አረጋግጡ። መጀመሪያ ትክክለኛውን ሞዴል ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ «አባውት ፎን» ከሚለው ላይ አንብቡ። «ሳምሰንግ ኤ ነው» ብሎ መግዛት አይበቃም፤ ኤ14 ስክሪኑ 6.6 ኢንች ነው፣ ኤ15 ደግሞ 6.5 ኢንች። በተቃራኒው የአይፎን ኤክስአር እና የአይፎን 11 ግላስ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ሙጫው ሙሉ ገጹን የሸፈነ መሆኑን ጠይቁ። ጥቁር ጠርዝ ካላቸው ርካሽ ግላሶች አንዳንዶቹ ሙጫቸው ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤ መሃሉ ክፍት ስለሚሆን ስክሪኑ የጣት ንክኪ በደንብ አይቀበልም፣ አቧራም ይገባል።

ከተቻለ ሁለት ግዙ። አንዱ የመማሪያ ነው።

ቦታውና ሰዓቱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ይህን ነው። አየር ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ ዓይን አይገባም፤ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ብቻ ነው የሚታየው። ግላሱ ሲላጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር ብናኙን እንደ ማግኔት ይስበዋል። የበጋ ቀን፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ከጎን ግንባታ እየተካሄደ ከሆነ ገና ከጅምሩ ተሸንፋችኋል።

የሚሻለው ማታ ወይም ማለዳ፣ ሰው የማይመላለስበት ጠባብ ክፍል ነው። ሻወር ቤት ምርጥ ነው። ሙቅ ውሃውን አምስት ደቂቃ ያህል ልቀቁትና ዝጉት፤ እንፋሎቱ ብናኙን ይዞት ይወርዳል። ጭጋጉ እስኪጠፋ ጠብቁና ያኔ ስልኩን ይዛችሁ ግቡ፤ ስልኩን እንፋሎት ውስጥ ማስቀመጥ የለባችሁም። ሙቅ ውሃ የሚለቅ ሻወር ከሌለ አንድ ድስት ውሃ አፍልታችሁ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡና ወለሉንና ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ውጤቱ ተቀራራቢ ነው።

ልብስም አለ። ጋቢና ነጠላ ለብሶ ግላስ መለጠፍ ጥጥ እየፈተሉ እንደ መለጠፍ ነው። ሹራብም እንዲሁ። እጅጌ አልባ ወይም ለስላሳ ልብስ ይሻላል፤ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ታጠቡና በአየር ይድረቅ። ቡና ከሚፈላበት ክፍል ራቁ፦ የከሰሉ አመድ፣ የዕጣኑ ጭስ፣ የተጎዘጎዘው ቄጠማ፣ ሁሉም ጠላታችሁ ነው። እኔ አክስቴን «ስኒው እስኪደርስ ጓዳ ነኝ» ብዬ ነው የምነሳው።

ዕቃው

ካርቶኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ መጥረጊያ፣ ደረቅ መጥረጊያና የአቧራ ማንሻ ተለጣፊ አለ። ከሌለ ወይም ከደረቀ፣ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል፣ ሁለት ንጹሕ የመነጽር ጨርቅ፣ አንድ ጥቅል ፕላስተር (ወረቀት የምንለጥፍበት ግልጹ)፣ አሮጌ የባንክ ካርድ እና እንደ ባትሪ የሚያበራ ሌላ ስልክ ያስፈልጋል።

የእጅ ሳኒታይዘር አልኮል ስለሆነ ይሠራል የሚል አለ። አይሠራም፤ እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፣ ግሊሰሪኑም ስክሪኑ ላይ ቅባት ሆኖ ይቀራል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና ቤንዚን ደግሞ ስክሪኑ የጣት ቅባት እንዳይዝ የተቀባውን ስስ ሽፋን ይበላሉ። በጥጥ ወይም በሶፍት ማጽዳትም ይቅር፤ ሁለቱም ክር ያራግፋሉ።

ግላሱን መለጠፍ

ስልኩን አጥፉ። ጥቁር ስክሪን ላይ አቧራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስትጠርጉትም ለሰው አይደውልም። ከቨሩን አውልቁ። አሮጌ ግላስ ወይም ላስቲክ ካለበት መነሳት አለበት (አነሳሱን መጨረሻ ላይ ጽፌዋለሁ)፤ ግላስ በግላስ ላይ፣ ወይም ግላስ በፋብሪካው ላስቲክ ላይ አይደረብም።

አሁን ግላሱን ሳትልጡት ስክሪኑ ላይ አስተካክላችሁ አስቀምጡት። መነሻችሁ የጆሮ ድምፅ ማውጫው ቀዳዳና የፊት ካሜራው ይሁን፤ እነዚያ ከተገጣጠሙ በኋላ ግራና ቀኙ የቀረው ክፍተት እኩል መሆኑን እዩ። ከላይ ቀጥ ብላችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተመልከቱ፤ ከጎን ሲታይ ትክክል የመሰለው ሁልጊዜ ይሸውዳል። ሲስተካከል ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ፕላስተር በግራ ጠርዝ በኩል፣ ግማሹ ግላሱ ላይ፣ ግማሹ ወደ ስልኩ ጀርባ ዞሮ እንዲይዝ አድርጋችሁ ለጥፉ። ግላሱ አሁን እንደ መጽሐፍ ሽፋን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሲዘጋ ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል። አጀማመሬ ላይ ያበላሸኋቸው ሁለቱ ግላሶች ይህን ሳላውቅ በእጄ ግምት ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ካርቶኑ ውስጥ የማስተካከያ ፍሬም ካለ ግን በፕላስተር አትድከሙ፣ በፍሬሙ ተጠቀሙ።

ግላሱን ክፈቱትና ስክሪኑን አጽዱ። መጀመሪያ በእርጥቡ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ። ማዕዘኖቹን አትርሱ፤ የጣት ቅባት የሚጠራቀመው እዚያ ነው፣ ግላስ መጀመሪያ የሚነሳውም ከዚያ ነው። ቀጥሎ በደረቁ ጨርቅ፣ ፊታችሁ ጥርት ብሎ እስኪታያችሁ ድረስ።

ከዚያ አቧራ አደን ነው። የሌላውን ስልክ መብራት አብሩና ከስክሪኑ ጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ከላይ ሲበራ የማይታየው ብናኝ ከጎን ሲበራበት ጥላ ይጥላል፣ ብን ብሎ ይታያል። ፕላስተሩን ለጠፍ ነቀል እያደረጋችሁ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሂዱ። ጨርቅ አትመልሱ፤ ጨርቅ አንዱን ያነሳና ሁለት ይተካል። በአፍ እፍ ማለት ጭራሽ ነው፤ የምራቅ ጠብታ ቀርቶ እድፍ ይሆናል።

ምንም ሳይቀር ሲጠራ፣ የግላሱን ልባስ ከጫፉ ያዙና ቀስ ብላችሁ ላጡ። ሙጫ ያለበትን ገጽ አትንኩ፣ ወደ ላይ አታዙሩት፤ ወደ ታች ሲያይ አቧራ አይወርድበትም። ሳትቆዩ እንደ መጽሐፍ ዝጉት። አትጫኑት፣ ልቀቁት። መሃሉን በአንድ ጣት ነካ አድርጉት፤ ሙጫው ከመሃል ወደ ዳር ውሃ እንደሚሰርገው ሲሄድ ታያላችሁ። በዚህ ሥራ የምወደው ቅጽበት ይህ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ሁለተኛ መሃሉን ጫን በሉት፤ ጫፉን ቀድማችሁ አትጫኑ፣ አየሩ መውጫ ያጣል።

የቀረ አረፋ ካለ የባንክ ካርዱን በመነጽር ጨርቁ ጠቅልላችሁ ወደ ቅርቡ ጠርዝ ግፉት። ፕላስተሩን ንቀሉ። አለቀ።

አረፋ ነው ወይስ አቧራ?

አየር ብቻ የሆነ አረፋ ስትገፉት ይሄዳል። ትንንሾቹ ባይሄዱም በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠፋሉ፤ አትነካኩአቸው። መሃሉ ላይ ነጥብ ያለው፣ ስትገፉት ተመልሶ እዚያው የሚቆም ከሆነ አቧራ ነው። ያን ጊዜ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ከላይ በቅርቡ ጥግ ላይ ለጥፉና እሱን እንደ እጀታ ይዛችሁ ግላሱን እስከ ነጥቡ ድረስ ብቻ ቀና አድርጉ። በሌላ ቁራጭ ፕላስተር ብናኙን ያዙት፤ ስክሪኑ ላይ ከሌለ ሙጫው ላይ ነው። ግላሱን አታጉብጡት፣ ቀጥ እንዳለ ይነሳ፤ ከጎበጠ ይሰነጠቃል።

ብዙ ቦታ ከቆሸሸ ወይም ሙጫውን በጣት ከነካችሁት የመጨረሻ አማራጭ አለ። ግላሱን ሙሉ በሙሉ አንሱትና ሙጫውን ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ ላርጎ እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ ጨርቅ ሳይነካው አቁማችሁ አድርቁት። የሲሊኮን ሙጫ ከሆነ ተመልሶ ይይዛል። እንደ አዲስ ባይሆንም ከመጣል ይሻላል።

ዳር ዳሩን ነጭ መስመር ከቀረ ስክሪኑ ትንሽ ጠርዙ ላይ ዝቅ ስለሚል ነው። አንዳንዶች እዚያ የምግብ ዘይት ጠብ ያደርጉና መስመሩ ወዲያው ይጠፋል። አይቻለሁ፣ ያታልላል፤ ከሳምንት በኋላ አቧራ ይዞ ጥቁር መስመር ይሆናል። ነጩ ይሻለኛል።

ለስላሳው ላስቲክ

ለስላሳው በፕላስተር ማጠፊያ አይሠራም፤ ይለጠጣል። ሁለት ዓይነት አለጣጠፍ አለው፣ ደረቅና እርጥብ፤ የትኛው እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ያለው ይወስናል። በደረቁ ከሆነ ማጽዳቱ ያው ነው፤ ልባሱን ከላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ልጣችሁ የካሜራውን ቦታ አስተካክላችሁ ለጥፉ፣ ከዚያ በአንድ እጅ ልባሱን ወደ ታች እየሳባችሁ በሌላው በካርዱ ከመሃል ወደ ጎን እየገፋችሁ ውረዱ።

እርጥቡ የበለጠ ይቅር ባይ ነው። ትንሽ ውሃ ውስጥ ሁለት ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ወይም ላርጎ በጥብጡና ውሃ መርጫ ውስጥ ጨምሩት። ጣቶቻችሁንና የላስቲኩን ሙጫ በስሱ ርጩ፤ ስልኩ ላይ በቀጥታ አትርጩ፣ መጥፋቱንም እርግጠኛ ሁኑ። ላስቲኩ ስለሚንሸራተት ቦታውን እስክታገኙ ማንቀሳቀስ ትችላላችሁ። ሲስተካከል ውሃውን በካርዱ ገፍታችሁ አስወጡ፣ ወደ ቻርጅ ማድረጊያውና ወደ ድምፅ ማውጫው ሳይሆን ወደ ጎን። ጠርዙ የታጠፈበት ላይ ቢነሳባችሁ አትደንግጡ፤ አምስት ደቂቃ ጠብቁና በጣት መልሱት፣ ውሃው ሲደርቅ ይይዛል። ለአንድ ቀን ከቨር አታልብሱት፤ ለስላሳውን ላስቲክ ከማንም በላይ የሚያነሳው ጥብቅ ከቨር ነው። በመጀመሪያው ቀን ጭጋግ መስሎ መታየቱም ያለ ነው።

ከተለጠፈ በኋላ

ስልኩን አብሩና ሦስት ነገር ሞክሩ። ስልክ ደውላችሁ ወደ ጆሮ አስጠጉት፤ ስክሪኑ ሳይጠፋ ከቀረ፣ ወይም ከጆሮ ስታርቁት ካልበራ፣ ግላሱ ሴንሰሩን ሸፍኖታል። ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ጻፉበት፤ ንክኪ በደንብ ካልተቀበለ ሳምሰንግ ላይ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ «ተች ሴንሲቲቪቲ» የሚል አለ፣ አብሩት። የጣት አሻራው ስክሪኑ ሥር ከሆነ የድሮውን አሻራ አጥፉና ከአዲሱ ግላስ በላይ መዝግቡ።

ይህ የመጨረሻው ምክር ቀልድ አይደለም። በ2019 ሳምሰንግ በጋላክሲ ኤስ10 እና በኖት 10 ላይ የገጠመው ችግር ከዚሁ የመጣ ነው፤ አንዳንድ የሲሊኮን ሽፋኖች ላይ ያለውን ነጠብጣብ ቅርጽ ሴንሰሩ እንደ አሻራ መዝግቦት ስልኩ ላልተመዘገበ ጣት ይከፈት ነበር። በኋላ በሶፍትዌር አስተካከሉት። እናንተም ከመዘገባችሁ በኋላ ያልተመዘገበ ጣት ሞክሩ፤ ከከፈተ ያን መከላከያ አውልቁት።

አሮጌውን ማንሳት

ግላሱ ቀዝቅዞ ከተጣበቀ የፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጋችሁ፣ ሳታስጠጉ፣ ለሃያ ሰከንድ ያህል ያዙበት። ከዚያ በስቴኪኒ ጫፍ አንዱን ጥግ ቀና አድርጉና የባንክ ካርዱን ከሥሩ እያስገባችሁ ቀስ በቀስ ሂዱ። ቢላና ምላጭ አታስጠጉ። ግላሱ ከተሰነጠቀ መጀመሪያ ላዩን በሙሉ በሰፊ ፕላስተር ሸፍኑት፤ ስብርባሪው አብሮ ይነሳል፣ ጣትም አይቆረጥም። ስንጥቁ ጥግ ላይ ብቻ ቢሆንም ቀይሩት፤ አንዴ የተሰነጠቀ ግላስ ሁለተኛውን አወዳደቅ አይችልም፣ ጆሮ ላይም ስንጥር ይተዋል። ለስላሳው ላስቲክ ሲነሳ ወደ ላይ ሳይሆን ከስክሪኑ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ሳቡት፤ እየተለጠጠ ይላቀቃል፣ ሙጫም ብዙ አይተውም። የቀረ ሙጫ ካለ አልኮሉን ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አታፍስሱ።